የዐባይ ልጅ ውኃ ጠማው፤ የፀሐይ ልጅ ሙቅ ውኃ ቸገረው

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የኢትዮጵያን የቱሪዝም ሥራ ያቋቋሙት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ አንድ መፈክር ትተውልን አልፈዋል፦ «የ13 ወር ፀሐይ»። መፈክሩ ሥርዐተ መንግሥታትን እየተሻገረ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 «ምድረ ቀደምት» በሚለው እስኪተካ ድረስ አገራችንን ለዓለም ሲያስተዋውቅ ኖረ። የሚያስገርመው ግን ይህን ሁሉ ዘመን ፀሐያችንን ለእንግዳ ስንሸጥ፣ እንግዳውም እኛም ገላችንን የምንታጠበው በኤሌክትሪክ በሞቀ ውኃ መሆኑ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች፣ ንጋቷ የሚቆረጥም፣ ቀትሯ የሚለበልብ ከተማ ናት። ሙቅ ውኃ ያስፈልጋታል፤ ሙቀቱም በየቀኑ በጣሪያዋ ላይ ይወርዳል። ሁለቱ ግን አልተገናኙም።

ውድ አንባብያን፣ «አገር ስንት የከበደ ጉዳይ እያላት ስለ ገላ መታጠቢያ ታወራለህን?» የሚለኝ እንደማይጠፋ ዐውቃለሁ። አዎን፣ አወራለሁ። ስለ ታላላቅ ግድቦች የሚጽፍ ብዙ ነው፤ ከግድቡ የወጣው ኃይል ቤታችን ከገባ በኋላ ምን እንደምናደርገው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ባጭሩ ይህ ነው፦ በከተማችን አዲስ የሚሠራ መኖሪያ ሕንፃ ሁሉ ውኃውን በፀሐይ እንዲያሞቅ በሕግ ሊገደድ ይገባል። ጉዳዩ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ በጎ ፈቃድ የተተወ እስከሆነ ድረስ ለውጥ አይመጣም። ለምን እንደማይመጣ ላስረዳ።

አስቀድመን ስሌቱን እንሥራ። አንድ ሊትር ውኃን በአንድ ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ለማሞቅ 1.16 ዋት ሰዓት ያህል ኃይል ያስፈልጋል። ይህ የተፈጥሮ ሕግ ስለሆነ በማሞቂያው ዋጋም ሆነ በተሠራበት አገር አይለወጥም። 80 ሊትር የሚይዝ ማሞቂያ ከ18 ዲግሪ ተነሥቶ 58 ዲግሪ ለመድረስ 3.7 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። በቀን አንድ ጊዜ እንዲህ ቢሞቅ በወር ከ110 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ነው፤ ገንዳው ሌሊቱን ሙሉ ወደ ግድግዳው የሚያባክነው ሙቀት ሳይቆጠር ማለት ነው። እንግዲህ በ2011 ዓ.ም. የወጣውን የኤሌክትሪክ ታሪፍ አስታውሱ። የመጀመሪያው እርከን እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ ሁለተኛው እስከ 100 ነበር። አምፖል፣ ማቀዝቀዣ፣ ቴሌቪዥንና ምጣድ ሳይነኩ፣ የገላ መታጠቢያው ውኃ ብቻውን ሁለቱን እርከኖች ዘልሎ ሦስተኛው ላይ ያወጣናል። በዚያ ታሪፍ የመጨረሻ ደረጃ ዝቅተኛው እርከን በኪሎ ዋት ሰዓት 27 ሳንቲም ሲሆን ከፍተኛው 2 ብር ከ48 ሳንቲም ነበር። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በየሦስት ወሩ እየተስተካከለ ለአራት ዓመት የሚዘልቅ ጭማሪ ተጀምሯል። «መብራት ርካሽ ነው» የሚለው አሮጌ መጽናኛ ዘመኑ አልፎበታል።

በሌላው ሚዛን ላይ ፀሐይን እናስቀምጥ። በደጋው አገራችን በአማካይ ቀን በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 5 ኪሎ ዋት ሰዓትና ከዚያም በላይ የፀሐይ ኃይል ያርፋል። ሁለት ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ጠፍጣፋ የፀሐይ ማሞቂያ ከዚህ ግማሹን ብቻ ወደ ውኃ ቢያስተላልፍ 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል። ይህ 100 ሊትር ውኃን በ40 ዲግሪ ለማሞቅ ይበቃል። አሠራሩም ረቂቅ አይደለም። በመስተዋት ሥር ጥቁር ቅብ ያለው ብረት ሙቀቱን ይቀበላል፤ በብረቱ ላይ በተያያዙት ቱቦዎች ውስጥ ያለው ውኃ ሲሞቅ ይቀልላል፤ ሲቀልልም ከበላዩ ወዳለው ገንዳ ይወጣል፤ ቀዝቃዛው በቦታው ይወርዳል። ሞተር የለውም፤ ፓምፕ የለውም፤ መብራት ሲሄድ አብሮ አይሄድም። እናቶቻችን ውኃ በጀሪካን ሞልተው ፀሐይ ላይ አስጥተው ሕፃን ሲያጥቡ የኖሩበት ጥበብ ነው፤ መስተዋትና ሽፋን ጨምሩበት እንጂ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የኤሌክትሪክ ማሞቂያው ትልቁ ጥፋት ከሚፈጀው መጠን ይልቅ በሚፈጅበት ሰዓት ላይ ነው። ከተማው ሁሉ ከሥራ የሚመለሰው፣ እራት የሚሠራው፣ እንጀራ የሚጋግረው፣ ገላውን የሚታጠበው በተመሳሳይ ሰዓት ነው፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፤ አንድ የውኃ ማሞቂያ ደግሞ 1.5 ወይም 2 ኪሎ ዋት። የሰፈሩ ትራንስፎርመር የሚያቃስተው፣ በበዓል ዋዜማም የሚፈነዳው በዚህ ሰዓት ነው። ለምሳሌ ያህል 100,000 ማሞቂያዎች በአንድ ቅጽበት ተለኩሰው እያንዳንዳቸው 1.5 ኪሎ ዋት ቢስቡ 150 ሜጋ ዋት ይሆናል። ይህ ከፊንጫ ኃይል ማመንጫ የ134 ሜጋ ዋት ዐቅም ይበልጣል፤ ከቆቃ ደግሞ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። አንድ ሙሉ ወንዝ ገድበን፣ ገበሬ አፈናቅለን፣ በውጭ ምንዛሪ ተርባይን ገዝተን፣ በመጨረሻ ኃይሉን ፀሐይ በነጻ ልትሠራው በምትችለው ሥራ ላይ እናውለዋለን ማለት ነው።

ልብ በሉ፣ ምጣድን በፀሐይ መተካት ቀላል አይደለም። እንጀራ ከፍተኛ ሙቀት ይሻል፤ ከቤት ውስጥም ይጋገራል። ገላ መታጠቢያ ውኃ ግን ከ60 ዲግሪ በላይ አያስፈልገውም፤ ቀን ሞቆ በገንዳ ተቀምጦ ማታ ይጠብቃል። ኤሌክትሪክ ሊተካ በማይችልበት ቦታ እንዲተርፍ ከተፈለገ፣ በቀላሉ ሊተካ ከሚችልበት ቦታ ማንሣት ግድ ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ የአንዱ ሻወር የሌላዋን ምጣድ ሲያጠፋባት፣ ሊጥ አቡክታ መብራት የምትጠብቀው እናት የምትከፍለው ዋጋ በማንም ቆጣሪ ላይ አይታይም።

«ታዲያ አሁን እኮ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ አለን» የሚል ድምፅ ይሰማኛል። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በይፋ ተመርቋል፤ የማመንጨት ዐቅሙም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ከሊስትሮው እስከ ባለ ሀብቱ ቦንድ ገዝቶ የሠራው ሥራ ስለሆነ ማንም ሊያጣጥለው አይገባም፤ እኔም አላጣጥለውም። ነገር ግን ግድብ የሰፈራችንን ትራንስፎርመር አያወፍርም፤ ከምሰሶ ወደ ቤታችን የሚመጣውን ሽቦ አያጠነክርም። ምሽት ላይ መብራት የሚያጠፋብን ብዙ ጊዜ የማመንጫ እጥረት ሳይሆን የማሠራጫው መስመር ድካም ነው። ይህን መስመር ለማሳደግ የሚወጣው ገንዘብም በመጨረሻ በታሪፍ መልክ ወደ እኛው ይመለሳል።

ሁለተኛም ነገር አለ። ኃይል ዛሬ የሚሸጥ ሸቀጥ ነው። ኢትዮጵያ ለጅቡቲና ለሱዳን ስትሸጥ ቆይታለች፤ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2022 ጀምሮ ደግሞ ከወላይታ ሶዶ በተዘረጋው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር ለኬንያ መሸጥ ጀምራለች። እያንዳንዱ በሻወር የሚፈስስ ኪሎ ዋት ሰዓት ወይ ዶላር ሊያስገኝ፣ ወይ ወፍጮ ሊያዞር፣ ወይ ገና አምፖል ያላየች የገጠር ጤና ጣቢያ ሊያበራ ይችል ነበር። ከሕዝቧ ግማሽ ገደማ የሚሆነው ኤሌክትሪክ በማያገኝባት አገር፣ ቀሪዎቻችን የወንዙን ኃይል ገላ ለማለቅለቅ ስናውለው፣ «ታዳሽ ኃይል ነው» ማለት ከሕሊና ክስ አያድነንም። ታዳሽ መሆኑ የሁላችንም መሆኑን አያስቀረውም።

ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ ታዲያ ለምን አልተለወጠም? መልሱ ከድንቁርናም ከድህነትም አይደለም። የሚመርጠውና የሚከፍለው ሰው የተለያዩ መሆናቸው ነው። ቤት ገንቢው ማሞቂያውን ይገዛል፤ የወር ፍጆታውን ግን ነዋሪው ይከፍላል። ስለዚህ ገንቢው ሲገዛ የሚረክሰውን፣ ሲገጠም የማያስቸግረውን ይመርጣል፤ ግድግዳ ላይ ሁለት ቡሎን፣ አንድ ሶኬት፣ አለቀ። አከራዩም እንዲሁ ነው፤ የተከራዩ ካርድ ቶሎ ቶሎ ማለቁ የእርሱ ራስ ምታት አይደለም። ስሙን መጥቀስ የማያስፈልገኝ አንድ የቤት ገንቢ የሽያጭ ሠራተኛ፣ በሚሊዮኖች የሚሸጠውን አፓርታማ እያስጎበኘኝ፣ ስለ እብነ በረዱ፣ ስለ ሊፍቱና ስለ ጄኔሬተሩ ብዙ አወራኝ። «ውኃው በምን ይሞቃል?» ስለው ወደ ጣሪያው ሳይሆን ወደ ሶኬቱ አመለከተኝ። «ከፈለግሁ የፀሐይ ማሞቂያ ጣሪያ ላይ ማስቀመጥ እችላለሁን?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ጋሼ፣ ጣሪያው እኮ የጋራ ነው» አለኝ። ልጁ አልዋሸም። የችግሩን ቁልፍ በአንድ ዐረፍተ ነገር ነገረኝ።

ጣሪያው የጋራ ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኮንዶሚንየም አዋጅ ቁጥር 370 ለየብቻ የሚያዘውንና በጋራ የሚያዘውን የለየው፣ የባለቤቶች ማኅበርም ያቆመው ለዚህ ዐይነቱ ጉዳይ ነበር። በተግባር ግን በብዙ ብሎኮች «የጋራ» ማለት «የማንም» ማለት ሆኗል። በጋራ ጣሪያ ላይ ሳህን የሚተክል ሞልቷል፤ በጋራ የሚያስብ ግን የለም። አንድ ነዋሪ ብቻውን ተነሥቶ ከአምስተኛ ፎቅ ጣሪያ እስከ ሁለተኛ ፎቅ መታጠቢያ ቤት የሙቅ ውኃ ቱቦ ሊዘረጋ አይችልም፤ ግድግዳው አንዴ ከተለሰነ በኋላ ወጪውም ጭቅጭቁም ብዙ ነው። ሕንፃው ሲሠራ ግን ያው ቱቦ ከሌሎቹ ቱቦዎች ጋር አብሮ ይቀበራል። ለዚህ ነው ጉዳዩ የግለሰብ ምርጫ ሊሆን የማይችለው። ምርጫው የሚሞተው ነዋሪው ቁልፉን ከመረከቡ በፊት ነው።

«ለሁሉም የሚበቃ ጣሪያ የለም» የሚለውም በስሌት ይፈተን። በጂ+4 ሕንፃ ውስጥ 60 ካሬ ሜትር የሆኑ አምስት ቤቶች አንዱ በሌላው ላይ ቢቀመጡ፣ በላያቸው ያለው ጣሪያ ለአምስት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 12 ካሬ ሜትር ይደርሰዋል። የሚያስፈልገው ግን ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ካሬ ሜትር ነው። ጣሪያ የሚያጥረው ለረጃጅሞቹ ሕንፃዎች ነው። ለእነርሱ ሌላ መፍትሔ አለ፤ ሂት ፓምፕ የሚባለው መሣሪያ እንደ ማቀዝቀዣ በተገላቢጦሽ እየሠራ፣ ከአየሩ ሙቀት ወስዶ ወደ ውኃው ያስገባል። አንድ እጅ ኤሌክትሪክ ወስዶ ሦስት እጅ ገደማ ሙቀት ስለሚሰጥ ለሆቴልና ለሆስፒታልም ይስማማል።

በሌላ አገር የተሠራውንም እንመልከት። እስራኤል በተመሠረተች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነዳጅ ስላጠራት በሌሊት ውኃ ማሞቅ የሚከለክል ደንብ እስከ ማውጣት ደርሳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 ሌዊ ይሳር የተባሉ መሐንዲስ የፀሐይ ማሞቂያ ማምረቻ አቋቋሙ። ጥቅሙ የታወቀ ቢሆንም ሕዝቡ ግን በገዛ ፈቃዱ በብዛት አልተከተለም፤ እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ድረስ ተጠቃሚው ከ20 ቤት አንዱ ያህል ነበር። ነገሩን የለወጠው ከ1970ዎቹ የነዳጅ ቀውስ በኋላ በ1980 የወጣው ሕግ ነው። አዲስ መኖሪያ ቤት ሁሉ የፀሐይ ማሞቂያ እንዲኖረው ተደነገገ፤ ጣሪያቸው የማይበቃ ረጃጅም ሕንፃዎች ብቻ ተለይተው ቀሩ። ዛሬ በዚያች አገር አብዛኛው ቤት በዚህ ይጠቀማል። እዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን «ዱድ ሼሜሽ» የሚሉትን የጣሪያ ላይ ገንዳ ጠይቋቸው፤ እንደ ቅንጦት የሚቆጥረው አታገኙም። በራሱ ጥቅም ያልተነሣሣውን ሕዝብ አንድ ሕግ አነሣሣው።

ኬንያም እ.ኤ.አ. በ2012 በቀን ከ100 ሊትር በላይ ሙቅ ውኃ የሚፈልጉ ሕንፃዎች በፀሐይ እንዲያሞቁ ደንብ አውጥታ፣ ለነባሮቹ የአምስት ዓመት ጊዜ ሰጥታ ነበር። አፈጻጸሙ ግን ተንገዳገደ፤ ከባለ ንብረቶችም ብርቱ ተቃውሞ ገጠመው። እኔ ከዚህ የምወስደው ትምህርት «አይቻልም» የሚል አይደለም። የቆመን ሕንፃ አሳድዶ ከማስገደድ፣ ገና ወረቀት ላይ ያለውን በግንባታ ፈቃድ በር ላይ መጠበቅ ይሻላል የሚል ነው። ፕላኑ ላይ ከሌለ ፈቃድ የለም፤ ሲያልቅ ካልተገጠመ መጠቀሚያ ፈቃድ የለም። ተቆጣጣሪ ሠራዊት አያስፈልገውም።

ለፍትሕ ስንል የፀሐይ ማሞቂያንም ድካሙን እንናገር። በሐምሌና በነሐሴ ደመናው ሲከብድ ውኃው ለብ ከማለት አያልፍም፤ ስለዚህ ለክረምት የሚረዳ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ በገንዳው ውስጥ ያስፈልገዋል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ከበላዩ ሮቶ ከሌለው ይደርቃል፤ በተለይ የመስተዋት ቱቦ ያለው ዐይነት ደርቆ ከጋለ በኋላ ቀዝቃዛ ውኃ በድንገት ሲገባበት ይሰነጠቃል። ገበያው ላይም በሁለት ዓመት የሚያፈስስ ገንዳ አይጠፋም። የመግዣ ዋጋውም ከኤሌክትሪኩ ይበልጣል፤ ብር ከተዳከመ ወዲህም የባሰ ከብዷል። እነዚህ ሁሉ ግን የተቃውሞ ምክንያቶች ሳይሆኑ የደንቡ አንቀጾች ሊሆኑ የሚገባቸው ናቸው። ሮቶ ይኑረው፤ የጥራት ደረጃ ይውጣለት፤ ሻጩ ለዓመታት ዋስትና ይስጥ። ዋጋው በሚሊዮን በሚቆጠር የአፓርታማ ሒሳብ ውስጥ ሲገባ ከእብነ በረዱ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው፤ በባንክ የቤት ብድር ውስጥ ሲካተት ደግሞ በየወሩ የሚከፈል ትንሽ ገንዘብ ይሆናል።

«መንግሥት እንዲህ ያለ ዝርዝር ውስጥ ሊገባ አይችልም» የሚለኝ ካለ፣ ወደ አዲስ አበባ አደባባዮች ወጥቶ ይመልከት። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ከተጀመረ ወዲህ በመንገድ ዳር ያለ ሕንፃ ምን ዐይነት ቀለም እንደሚቀባ፣ ማታም ፊቱ በመብራት እንዴት እንደሚያጌጥ ትእዛዝ ተሰጥቶ፣ በአጭር ጊዜ ሲፈጸም አይተናል። የሕንፃን ፊት ማዘዝ የተቻለው መንግሥት ጣሪያውን ማዘዝ እንዴት ያቅተዋል? እንደ እኔ እምነት ልዩነቱ ዐቅም አይደለም። ፊቱ ከመንገድ ይታያል፤ ጣሪያው አይታይም። ፖለቲካችን ለሚታየው ይቸኩላል፤ የሚጠቅመውን ወደ ነገ ይገፋል። በማታ መብራት ያሸበረቀ ሕንፃ በምሽቱ ጭንቅ ሰዓት ኃይል ይጠይቃል፤ ጣሪያው ላይ የፀሐይ ማሞቂያ ያለው ሕንፃ ግን በዚያው ሰዓት ኃይል ያተርፋል። የትኛው ነው ያማረው?

ስለዚህ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ አዲስ የሚሠራ መኖሪያ ሕንፃ ሁሉ፣ መንግሥት የሚያስገነባቸውን ጨምሮ፣ በግንባታ ፈቃድ ደረጃ የፀሐይ ማሞቂያና የሙቅ ውኃ ቱቦ እንዲኖረው ይደንገግ፤ ጣሪያው የማይበቃውም በሂት ፓምፕ ይተካ። ሁለተኛ፣ ጥራቱ ያልተመሰከረለት መሣሪያ ገበያ እንዳይገባ የደረጃዎች መሥሪያ ቤቱ ይጠበቅብን፤ ባንኮችም የቤት ብድር ሲያበድሩ ይህን ያካትቱ። ሦስተኛ፣ የጋራ ጣሪያ ባለቤቶች የሆኑ ማኅበራት በአብላጫ ድምፅ ሲወስኑ፣ አንድ እምቢተኛ ጎረቤት ሊያግዳቸው የማይችልበት ግልጽ ሥርዐት ይኑር።

እስከዚያው ድረስ ከእኛ፣ ከተማርነውና ማሞቂያ ካለን ጥቂቶች የሚጠበቅ አለ። ማሞቂያውን ሌት ተቀን ለኩሶ መተው ይብቃ። ምሽት በጭንቅ ሰዓት ይጥፋ፤ ሌሊት ወይም ቀን ይሙቅ፤ ሰዓት ያለው ማብሪያ ማጥፊያ ዋጋው ብዙ አይደለም። ይህ መፍትሔ አይደለም፤ ጨዋነት ነው። በብዙው ቤት ሙቅ ውኃ ማለት ዛሬም በከሰል ላይ የተጣደ ድስት፣ እርሱንም የምታነሣ የአንዲት ልጅ እጅ ነው። ለእርሷ ጋራ ጣሪያ ላይ የሚሞቅ ውኃ ቅንጦት አይሆንባትም፤ ዕረፍት ነው። ደንቡ ከወጣ በመጀመሪያ የምትጠቀመው እርሷ ናት፤ ካልወጣም ድስቱን ማንሣቷን የምትቀጥለው እርሷው ናት።

ፀሐይዋን ቱሪስት አልወሰዳትም። ነገም በጠዋት ትወጣለች፤ በየቀኑ የሚጸድቁት የግንባታ ፕላኖችም ያለ እርሷ መጽደቃቸውን ይቀጥላሉ። እያንዳንዱ እንዲህ ያለ ፕላን ለ50 ዓመት የሚቆም ስሕተት ነው።

ቸር እንሰንብት።